የማይደፈን ቀዳዳ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የቁልፍ ቀዳዳ ጫፉን በክር ካልዘመዘሙት ይተረተራል። ዓይኔ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ቀዳዳው ካልጠበቁት ይደፈናል።

ግላኮማ፣ ብዙውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ ነው። ለእኔ የተደረገልኝ ኦፕራሲዮን ዓይን ውስጥ ያለው ውሃ የሚወጣበት ትንሽ መንገድ መክፈት ነው። ውሃው በላይኛው የዓይን ቆብ ስር ይጠራቀምና ቀስ በቀስ ይመጠጣል። ሰውነት ደግሞ ቁስል አይቶ ዝም አይልም። ላድን ብሎ በጠባሳ ይደፍነዋል፣ ግፊቱም ተመልሶ ይወጣል።

ሐኪሙ የበኩሉን እዚያው ያደርጋል። ሚቶማይሲን የሚባል መድኃኒት በስፖንጅ ነክሮ ለጥቂት ደቂቃ ያስቀምጣል፤ ጠባሳ የሚሠሩትን ህዋሳት ያዳክማል። የቀረው የእኛ ሥራ ነው።

ዋናው የስቴሮይድ ጠብታ፣ ማለትም ቁጣንና ጠባሳን የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ለእኔ ፕሬድኒሶሎን ታዘዘልኝ፤ መጀመሪያ በየሁለት ሰዓቱ፣ ከዚያ በሐኪም ትዕዛዝ እየቀነሰ የሚሄድ። የእናንተ ሊለይ ይችላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ስምንት ጊዜ ነው። ቆጠራው እንዳይጠፋኝ ስምንት ባቄላ ሲኒ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። አንድ ጠብታ፣ አንድ ባቄላ ወደ ሌላው ሲኒ። ባለቤቴ ስቃ ሞተች።

ስትጨምሩ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ፕሬድኒሶሎን ስለሚዘቅጥ ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁት። ጫፉ ዓይን እንዳይነካ። ሌላ ጠብታ ካለ አምስት ደቂቃ ቆዩ።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። በአምስተኛው ሳምንት የዓይኔ ቅላት ጠፋ፣ ሕመምም የለም፣ ጠርሙሱም አለቀ። «ድኛለሁ» ብዬ ተውኩት። በቀጠሮዬ ቀን ግፊቱ ከ12 ወደ 23 ወጥቷል። ለካ ጠባሳ ውስጥ ለውስጥ ሲሠራ አያምም! ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ጠባሳውን ፈታታው። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱ ሳይጋመስ ሌላ እንዲገዛልኝ ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው ብር እሰጣለሁ። ቀጠሮም አልዘልም፤ ሐኪሙ ዓይን ላይ የሰፋውን ክር ማላላት ካስፈለገ ጊዜው ሳያልፍ መሆን አለበት።

ዓይን አትሹ። ማሸት የሚጠቅመው ሐኪም ራሱ ካሳየ ብቻ ነው። የጤፍ ውቂያ ሰሞን ስለነበር አቧራው ዓይኔ እንዳይገባ አውድማ አልደረስኩም። ጸበሉስ? የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ጠጣው እንጂ ዓይንህ ውስጥ አታስገባ፤ ስግደቱም ይቆይህ» አሉኝ። ተገላገልኩ።

ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመ፣ መግል ካወጣ ወይም እይታው ከደበዘዘ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከዓመታት በኋላም ቢሆን ያው ነው።

ማታ ማታ ዓይን ላይ የፕላስቲክ መከለያ ይደረጋል። ፕላስተሩ በላብ እየተላቀቀ ሲያስቸግረኝ ላስቲክ ሰፋሁለት። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ጋሼም «ለእኔም ስፋልኝ» ብለው መጡ፤ የጭንቅላታቸውን ዙሪያ ለካሁ።