«ሁላችንም በክርስቶስ አንድ ነን» እያልን የምንሠራቸው ስህተቶች

ለስምንት ዓመት በቤተ ክርስቲያን በር ላይ በአስተናጋጅነት አገልግያለሁ። ለሚገባው ሁሉ «እንኳን ደህና መጡ» እላለሁ። ማንን የት እንደማስቀምጥ ግን ዓይኔ ቀድሞ ይወስን ነበር። ከዚህ በታች የጻፍኳቸው ስህተቶች እዚያ በር ላይ ሆኜ ያየኋቸው ናቸው። አንዳንዶቹን ራሴ አድርጌያቸዋለሁ።

ወንበርን በልብስ ማደል

አንድ እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊት ረድፍ ያረጀ ነጠላ የለበሱ እናት ተቀምጠዋል። ሱፍ የለበሰ እንግዳ መጣ። «እማማ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይሂዱልኝ» አልኳቸው። ምንም አላሉኝም። ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። በሚቀጥለው እሑድ ማንም ሳይነግራቸው በሩ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ከፊት አይቻቸው አላውቅም።

ያዕቆብ በመልእክቱ 2ኛ ምዕራፍ የጻፈው ይህንኑ ነው። የወርቅ ቀለበት ያደረገው በክብር ይቀመጣል፣ እድፍ ልብስ የለበሰው ድሀ «ወደዚያ ቁም» ይባላል። ያንን ክፍል ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ እኔ የተጻፈ ግን አልመሰለኝም ነበር። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቀመጥ። የሚያዝ ወንበር ካለ ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና መቆም ለማይችሉ ይያዝ።

በሩን ከፍቶ ማዕዱን መዝጋት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። «ለምን አብረን አንበላም?» ሲባል «አብረን እንፀልያለን እኮ!» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አብሮ መፀለይ አይከብድም፤ ዓይን ይጨፈናል። የሚከብደው ከፀሎቱ በኋላ ያለው ምሳ ነው።

በአገራችን ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚፍቁ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች ምን እንዳሳለፉ እናውቃለን። በሰሜኑ «ቡዳ» እየተባሉ ተፈርተዋል። በካፋ ማንጆ የሚባለው ማኅበረሰብ፣ በወላይታ ደግሞ ሸክላ ሠሪዎች ለረጅም ዘመን ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርቡም ነበር። ጋብቻማ አይታሰብም። ልማዱ የቤተ ክርስቲያንን ደጅ ሲያይ አልተመለሰም፤ አብሮን ገባ። ጀበናውን የሠራችውን እናት ቡናው ሲፈላ አንጠራትም።

አሁን ጴጥሮስን እንይ። የሐዋርያት ሥራ 9ኛው ምዕራፍ ሲያልቅ ጴጥሮስ በኢዮጴ ነው። ያረፈው ቁርበት ፋቂው ስምዖን ቤት ነው። ቁርበት ፋቂዎች ከሞተ እንስሳ ቆዳ ጋር ስለሚውሉ በአይሁድ ዘንድ የሚናቁ ነበሩ። ጴጥሮስ ግን እዚያ ቤት አያሌ ቀን ተቀመጠ። በዚያ ቤት ሰገነት ላይ፣ ቀን በስድስት ሰዓት፣ ርቦት ሳለ ያን የታወቀ ራእይ አየ፤ ንጹሕ አይደሉም የሚባሉ እንስሳት ታዩትና «ብላ» ተባለ። ከዚያም አይሁዳዊ ወዳልሆነው የመቶ አለቃ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት ሄደና «እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንዳያዳላ» ማስተዋሉን ተናገረ። ይህን ቃል የተናገረው ሰው ያደረው ፋቂ ቤት ነው። ብዙዎቻችን ይህቺን ነገር ሳናያት እናልፋለን።

ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ወንድሞች ምን ብለው ወቀሱት? «ለምን ሰበክህ?» አላሉትም። «ለምን አጠመቅህ?»ም አላሉትም። «ወዳልተገረዙ ሰዎች ገብተህ ከእነርሱ ጋር በላህ» ነው ያሉት።

ያው ጴጥሮስ በኋላ በአንጾኪያ ሰው ፈርቶ ከአሕዛብ ማዕድ ሸሸ። በርናባስ እንኳ አብሮት ተሳበ። ጳውሎስ በሁሉ ፊት ገሠጸው፤ ገላትያ 2 ላይ አለ። ራእይ ያየ ሰው እንዲህ ከተመለሰ፣ «እኛ ይህን ድሮ አልፈነዋል» ማለት አያስተማምንም።

«የጨዋ ልጅ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ

ገላትያ 3፥28 «ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም» ይላል። ዛሬ «ጨዋ» ስንል ሥርዓት ያለው ሰው ማለታችን ነው። ጥቅሱ ላይ ግን ነፃ የሆነ፣ ባሪያ ያልሆነ ሰው ማለት ነው። ያ አሮጌ ትርጉም የጠፋ ይመስላል። ሽማግሌ ሲላክ ግን ብቅ ይላል። በኅብረታችን ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ተስማሙ። የልጅቱ አባት ስለ ልጁ እምነት አልጠየቁም። የጠየቁት የአያቱን ስም ነው። ከዚያ ነገሩ ቀረ።

ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዘመን ሰዎች የልጅ ልጆች አጠገባችን ቆመው ይዘምራሉ። ጌታ አንድ ያደረገውን ሰው አጥንት እየቆጠርን ስንለየው ቁስሉ እንደ አዲስ ይደማል።

ቅሬታን እንደ ክፍፍል መቁጠር

«ቋንቋችን ተረሳ»፣ «ለልጆቻችን የሚገባ ትምህርት የለም»፣ «ሴቶች ሲወሰን አይጠየቁም»። እንዲህ ሲባል ፈጥነን «ይህ የመከፋፈል መንፈስ ነው» እንላለን። ሐዋርያት እንዲህ አላሉም። በሐዋርያት ሥራ 6 የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለቱ ምግብ እደላ ተረሱ ተብሎ ማንጎራጎር ሆነ። ሐዋርያት ጉባኤውን ሰበሰቡ፣ ሰባት ሰዎች ተመረጡ። የሰባቱም ስም የግሪክ ነው። የቅሬታው ባለቤት በሆነው ወገን ስም የሚጠሩ ሰዎች እደላው ተሰጣቸው።

ከሰባቱ አንዱ ፊልጶስ ነው። በጋዛ መንገድ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ ላይ ወጥቶ አብሮት የተቀመጠው እሱ ነው። የጥንቱ ሕግ ጃንደረባ ወደ ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። ሰውየው «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ሲል ፊልጶስ አብሮት ወደ ውኃው ወረደ።

መርዳት ብቻ

ዓይነ ስውር ወንድም ሲመጣ ገንዘብ እናዋጣለን። ጥሩ ነው። ግን ጥቅስ እንዲያነብ፣ ፀሎት እንዲመራ ማን ጠየቀው? መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አለን? መድረኩ ላይ መወጣጫ ከሌለ፣ በዊልቸር የሚሄደው ሰው መቼም ቢሆን መድረክ ላይ አይወጣም ብለን ወስነናል ማለት ነው።

እሑድን ለሠራተኛዋ መከልከል

እሑድ ጠዋት ቤተሰቡ ለባብሶ ይወጣል። ቤት ውስጥ የምታግዘው ልጅ ምሳ ልትሠራ ትቀራለች። እሷም አማኝ ናት። በቆሮንቶስ የነበረውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ለጌታ እራት ተሰብስበው «አንዱም ይራባል አንዱም ይሰክራል»። ጳውሎስ «እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ» አላቸው። ባሪያ የነበረውን አናሲሞስን ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና ሲልከው ደግሞ በሥጋም በጌታም ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ጻፈለት። «በጌታ» ብቻ ቢል ኖሮ እሑድ ወንድም፣ ሰኞ ባሪያ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር።

እኛ ቤትም ለዓመታት እንዲሁ ነበር። አሁን የእሑድ ምሳ ቅዳሜ ማታ ይሠራል። ሕፃን ልጃችንን እኔና ባለቤቴ በየተራ እንይዛለን። የምታግዘን ልጅ ከእኛ ጋር በአንድ ታክሲ ትሄዳለች፤ የት እንደምትቀመጥ ራሷ ትመርጣለች። ስንመለስ ምሳ አብረን እንበላለን። መጀመሪያ አካባቢ ሳህኗን ይዛ ወደ ጓዳ ትሄድ ነበር። በሦስተኛው ወር ኳየር መግባት እንደምትፈልግ ነገረችን። ልምምዱ ረቡዕ አመሻሽ ላይ ነው። የረቡዕን እራት የምሠራው እኔ ነኝ።