በየሳሉ ቀይ የሚበራ የክፍል ጫጫታ መጠቆሚያን ማስተካከል

መሣሪያው አርዱዪኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ማክስ4466 የተባለ ማጉያ ያለው ማይክሮፎንና ሦስት ኤልኢዲ (ትንንሽ መብራቶች) ነው፤ ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ 220 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መገደቢያ)። ችግሩ፦ አንድ ተማሪ ሲያስል ወይም ወንበር ሲጎተት ወዲያው ቀይ ይበራል። ተማሪዎች እንዲህ ያለውን መብራት ማየት ይተዋሉ፤ ያኔ መኖሩም አለመኖሩም አንድ ነው።

ጥፋቱ ኮዱ ላይ ነበር፤ አንዴ ብቻ አንብቦ ይወስናል። የማይክሮፎኑ ሲግናል ማይክሮፎኑ ኃይል ከሚያገኝበት ቮልቴጅ ግማሽ ዙሪያ ከፍ ዝቅ ስለሚል አንድ ንባብ ብቻውን የድምፁን ጉልበት አያሳይም። ለ50 ሚሊሰከንድ ያለማቋረጥ ይነበብና ከትልቁ ቁጥር ትንሹ ይቀነስ፤ የድምፁ መጠን ይህ ልዩነት ነው። ከዚያ የመጨረሻዎቹ 60 ልዩነቶች አማካይ ይወሰድ፤ 3 ሰከንድ ያህል ስለሚሸፍን አጭር ሳል ብዙ ከፍ አያደርገውም።

መብራቱ በቢጫና በቀይ መካከል ቢርገበገብ ወደ ቀይ መግቢያውና ከቀይ መውጫው ቁጥር ይለያይ፦ ለምሳሌ አማካዩ ከ200 ሲያልፍ ቀይ፣ ከ160 ሲወርድ ብቻ ወደ ቢጫ። ቁጥሮቹን ከሌላ ክፍል መቅዳት አያዋጣም፤ ተማሪዎች በቡድን ሲወያዩ እዚያው ይለኩ።

ማይክሮፎኑ ከ5 ቮልት ይልቅ ከአርዱዪኖው 3.3 ቮልት ፒን (መሰኪያ) ኃይል ቢያገኝ ንባቡ ይበልጥ ንጹሕ ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የእርሳስ መታ መታ እንኳ ይገባበታል፤ ከጀርባው ስፖንጅ ተደርጎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።