ድሬዳዋ ላይ በረንዳ አዳሪ ስትቆጥሩ

የድሬን ሙቀት ያልገመተ ቆጣሪ በመጀመሪያው ሌሊት ይሳሳታል። ሙቀቱ ሲበረታ ቤት ያለውም ምንጣፉን ይዞ ደጅ ይወጣል። መጋላ ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ ስንቆጥር ሰሌን ላይ የተኙ አንድ አባት መዝግቤ ነበር። ሲነጋ በዚያ ሳልፍ ሰሌናቸውን ጠቅልለው ከኋላቸው ያለውን በር ከፍተው ገቡ፤ የገዛ ቤታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ልብስና መኝታ አይቼ ሰው አልመዘግብም።

«ቤት አለህ?» ማለትም አይጠቅምም። ሰው ያሸማቅቃል፤ ገጠር የአባቱ ጎጆ ያለውም «አለኝ» ይላል። «ትናንት የት አደርክ? ነገስ የት ታድራለህ?» በሉ።

ቀኑን አስቡበት። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ ከተማውን ስለሚሞላው ያን ሰሞን እለፉት። ክረምት ላይ ደግሞ መጋላንና ከዚራን በሚለየው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚያድሩት ጎርፍ ፈርተው ይበተናሉ። በ1998 ክረምት ጎርፉ ብዙ ሰው ሲገድል ያየ ሰው አይፈረድበትም።

ቀደም ብላችሁ በቀን ዙሩና በእጃችሁ ካርታ ሳሉ። የሱቅ ዘበኞችንና ሻይ የሚሸጡ እናቶችን ጠይቁ፤ ማን የት እንደሚተኛ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ደቻቱን ለብቻው ለአንድ ቡድን ስጡት። ካልሆነ የከዚራው ቡድን መጋላ ቆጥሮታል ይላል፣ የመጋላውም ከዚራ፤ መሐል አሸዋው ላይ የተኛው ሰው ይቀራል።

ሦስት ሦስት ሆናችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ውጡ። ከሦስቱ አንዱ ጎዳና ላይ ያደገ ይሁን፤ አበሉም ከሌሎቹ እኩል ይከፈለው። በየቡድኑ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚችል ይኑር። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ግን አብሮ አይውጣ፤ አንድ ጊዜ አጅቦን የመጣ ነበርና ገና ከሩቅ ሲያዩን በረንዳው ባዶ ሆነ።

የተኛን አትቀስቅሱ፣ ባትሪ ፊቱ ላይ አታብሩ። ሸራውንም አትግለጡ፤ ከሥሩ ስንት ሰው እንዳለ ካልታወቀ «ያልተረጋገጠ» ብላችሁ ጽፋችሁ ጠዋት ተመለሱ። ፎቶ ፈጽሞ አይነሳም።

በሌሊት ቆጠራ የሚያመልጡን በብዛት ሴቶች ናቸው። እንዳይደፈሩ ሌሊቱን ሲዘዋወሩ አድረው ቀን ይተኛሉ፣ ወይም ጥግ ይሸሸጋሉ። ስለዚህ ያን ሳምንት ነዳያን ምሳ በሚበሉበት ቦታ ተገኙና፣ ቆጠራው ማክሰኞ ሌሊት ከነበረ፣ «ማክሰኞ ሌሊት የት አደርሽ?» ብላችሁ ስለዚያችው ሌሊት ብቻ ጠይቁ። አንዲት ልጅ «ቆሜ ነው ያደርኩት» አለችኝ። ቅጹ ላይ እንዲህ ያለ ሳጥን አልነበረም፤ አሁን አለ።

ስም አትጻፉ። የእናት ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ የትውልድ ወረዳና ዕድሜ አንድ ላይ ሲሆኑ ድግግሞሹን ለመለየት ይበቃሉ። ያመለጠውን ለመገመት ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ቡድን እንደገና ይቁጠር። ለምሳሌ መጀመሪያ 60፣ ቀጥሎ 50 ሰው አግኝታችሁ 30ው በሁለቱም ላይ ካሉ፣ 60 በ50 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል 100 ይመጣል። በዓይን ያያችሁት 80 ነው፤ 20 ያህሉ አምልጧችኋል ማለት ነው። ይህ የሚሠራው በመሐል ብዙ ሰው ካልመጣና ካልሄደ ነው።

ውጤቱን በቀበሌ ደምራችሁ ስጡ። የመኝታ ቦታው ካርታ ግን ማንም ቢጠይቅ ከእጃችሁ አይውጣ፤ በዚያ ካርታ ሰው በሌሊት ታፍሶ ሊወሰድ ይችላል።