የመኪና ውድድር ትራክ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት፦ ከአዳማ የሚሄዱ ልጆች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ልጅ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር ወዳለው ጋራዣችን መጥቶ «ጋሼ፣ የአጎቴ ልጅ ዱባይ ነው፤ ጥር ላይ ልጠይቀው እሄዳለሁ። ፖርሼውን ትራክ ላይ እንድነዳው ፈቅዶልኛል። እስከዚያ ምን ላድርግ?» አለኝ። «አሁን ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት። «ማታ ማታ የፍጥነት መንገዱ ላይ እየተለማመድኩ ነው» አለኝ።

ቁጭ አድርጌ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ እንዲህ የሚያስብ እሱ ብቻ አይደለምና። ዱባይ ጋራዥ ስሠራ መጀመሪያ የደንበኞችን መኪና ለማየት፣ በኋላም ራሴ ለመንዳት፣ ዱባይ አውቶድሮም የሚባለው የመኪና ውድድር ሜዳ ደጋግሜ ገብቻለሁ። ትራክ ዴይ ማለት ውድድር አይደለም፤ ማንኛውም ሰው ከፍሎ፣ በተዘጋ የውድድር መንገድ ላይ መኪና የሚነዳበት ቀን ነው።

የፍጥነት መንገዱን መለማመጃ ማድረግ

የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት 120 ነው። ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ ከባድ መኪና፣ ቤተሰብ የጫነ ሚኒባስ፣ መብራቱ የጠፋ አይሱዙ አብሯችሁ ይሄዳል። ትራክ ላይ ብትስቱ ሰፊ ማምለጫ አለ፤ ባንዲራ የያዘ ሰው ያያችኋል፤ አምቡላንስ ቆሞ ይጠብቃል። እዚህ እንዲህ ያለ ጥበቃ የለም። ሰው ትገድላላችሁ። ደግሞም ምንም አትማሩበትም፤ ቀጥታ መንገድ ላይ ነዳጅ መርገጥ ማንም ይችላል። ትራክ የሚፈትነው ፍሬንና ኩርባ ነው።

እግሬ መኪናውን ለምዷል ማለት

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ የሚያቃጥለው ኦክስጅን ይቀንሳል። እዚህ የምታውቁት መኪና እንግዲህ 15 በመቶ ገደማ የሚሆን ጉልበቱን ሳታዩት የኖራችሁት ነው። ዱባይ ባሕሩ ዳር ናት። እዚህ በለመዳችሁት ልክ ከኩርባ ስትወጡ ብትረግጡ የኋላው ጎማ ሊያመልጣችሁ ይችላል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እግራችሁን እንደ አዲስ ለማስተማር ስጡት። መኪናውን ከመንሸራተት የሚከላከለውን ሲስተም ደግሞ ማንም ቢገፋፋችሁ አታጥፉት።

የፍሬን ዘይት ነገር

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም በራሴ ላይ ደርሷል። የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ፍሬኑ ጥሩ ይይዝ ነበር። አምስተኛው ላይ፣ በትልቁ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ፣ ስረግጠው ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ እስከ ወለሉ ወረደ። ደጋግሜ ረገጥኩት፤ በሦስተኛው ትንሽ ያዘ። መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ ማምለጫው ላይ ቆመ። ማንንም አልነካሁም፤ ግን እጄ ለረጅም ጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፦ ዘይቱን ከሦስት ዓመት በላይ አልቀየርኩትም።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ያኔ እግራችሁ የሚገፋው ሸራውን ሳይሆን እንፋሎቱን ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት አራት እጥፍ እንደሚሆን አስቡ፦ ከ200 ማቆም ከ100 የማቆምን አራት እጥፍ ያግላል። አውቶድሮሙ ሙሉ ዙሩ 5.39 ኪሎ ሜትር ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ይህን ደጋግማችሁ ታደርጉታላችሁ።

ስለዚህ ከቀኑ በፊት ባለው ሳምንት ዘይቱ ይቀየር፣ አየሩም በደንብ ይውጣ። የፍሬን ሸራው ከግማሽ በታች ከሆነ አዲስ ይግባ። ለጭስ ማውጫ ድምፅና ለጉልበት መጨመሪያ የሚወጣው ገንዘብ መጀመሪያ እዚህ ይዋል። የተረፈው ለአሰልጣኝ ይሁን።

ጥርሱን ብቻ አይቶ ጎማውን ማመን

ልጁን ደጃፋችን ላይ ወደቆመ መኪና ወስጄ አጎነበስን። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፤ 1114 ይላል። በፈረንጆቹ 2014፣ በ11ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ አዲስ ይመስላል። በጥፍሩ እንዲጫነው አደረግሁት፤ እንደ ቀንድ ደርቋል። ጎድጎዶቹ ውስጥ ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ነበሩ። እንዲህ ያለ ጎማ ከተማ ውስጥ ዓመት ሊሄድ ይችላል፤ ትራክ ላይ ሲግል ግን ይተረተራል።

ንፋሱም እንዲሁ ነው። ጠዋት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ሞልተው የሚወጡ አሉ። የጎማው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ንፋሱ ወደ 2 ፒ ኤስ አይ ገደማ ይጨምራል። ከመጠን ያለፈ ንፋስ ጎማውን መሃሉ ላይ ያሳብጠዋል፤ አስፋልቱን የሚነካው ቦታ ያንሳል። ትክክለኛው ልኬት ከጥቂት ዙር በኋላ፣ ጎማው እንደጋለ የሚወሰደው ነው። የጎማ ብሎን ደግሞ በቶርክ ቁልፍ፣ መኪናው መጽሐፍ ላይ ባለው ልክ ይጥበቅ።

ትንንሽ የሚመስሉት

መኪናው ውስጥ ምንም አይቅር። ከወንበር ሥር የተንከባለለ የውሃ ላስቲክ ፍሬን ፔዳሉ ሥር ሲገባ አይቻለሁ፤ ደግነቱ መኪናው ገና አልተነሳም ነበር። የሞተር ዘይት መለኪያው ላይ ከላይኛው ምልክት ይድረስ፤ ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ሄልሜት ስትመርጡ ለመኪና የተሠራውን ያዙ፦ ሄልሜት የሚፈትሸው ድርጅት ስኔል ከሚሰጣቸው ምልክቶች ኤስ ኤ የሚለው ውስጡ እሳት ይቋቋማል፤ ኤም የሚለው ለሞተር ሳይክል ነው። ትከሻችሁ ወንበሩን ሳይለቅ የእጃችሁ አንጓ የመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት።

ኩርባ መሃል መደንገጥ

ፍጥነት በዝቶብኛል ብሎ ኩርባ መሃል እግርን በድንገት ከነዳጅ ማንሳት መኪና የሚያዞር ስህተት ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል። ፖርሼ 911 ሞተሩ ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባ ስለሆነ በዚህ ይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፍሬናችሁን መሪ ሳታዞሩ፣ ከኩርባው በፊት ጨርሱ፤ ዓይናችሁም ልትወጡበት ወደምትፈልጉት ቦታ ይሂድ፣ እጅ ዓይንን ይከተላል። ባንዲራዎቹን ከመሄዳችሁ በፊት አጥኑ፦ ቢጫ ቀስ በሉ፣ አትቅደሙ ነው፤ ቀይ ሁሉም ቆሟል፣ ቀስ ብላችሁ ከትራኩ ወደ መኪና ማቆሚያው ግቡ ነው፤ ሰማያዊ ፈጣን መኪና ከኋላችሁ ደርሷል ነው፤ ጥቁር እናንተን ነው የሚጠራው።

ይሉኝታ

ልጁን ያሳሰበው ይህ ነበር። «ኢንሹራንሱን ብጠይቀው ያላመንኩት ይመስለዋል» አለኝ። ጠይቅ አልኩት። ተራ የመኪና ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ትራክ ላይ የደረሰ ጉዳትን አይከፍልም። የአንድ ፖርሼ ጥገና ሁለት ቤተሰብ ሊያቀያይም ይችላል። ማን ምን እንደሚከፍል መኪናው ሳይነሳ፣ ቡና እየጠጣችሁ ተነጋገሩበት።

ነድቶ እንደጨረሱ የእጅ ፍሬን መያዝ

የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳትነኩ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ዲስኩ በንፋስ ይቀዝቅዝ። ስትቆሙ የእጅ ፍሬን አትያዙ፤ የጋለ ሸራ ዲስኩ ላይ ይጣበቃል። ማርሽ አስገብታችሁ ወይም ፓርክ ላይ አድርጋችሁ፣ ጎማው ሥር ታኮ አስገቡ። ከዚያ ወርዳችሁ የአራቱንም ጎማ ንፋስ ሳይቀዘቅዝ ለኩና ወረቀት ላይ ጻፉት።