ቀላሉን ቀን በእውነት ቀላል አድርጉት

ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር እየተዘጋጃችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በየቀኑ ትንፋሽ እስኪያጥራችሁ አትሩጡ። ጡንቻ የሚጠነክረው በልምምዱ ሰዓት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ስትበሉ፣ በተለይ ደግሞ ስትተኙ ነው።

እንጦጦ ጫካ ውስጥ በማለዳ የሚሮጡትን አትሌቶች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀላል ልምምድ በሚሠሩበት ቀን በባሕር ዛፉ መሀል እየተጠማዘዙ፣ ተከታትለው፣ በጣም ቀስ ብለው ነው የሚሮጡት። እነሱ እንዲህ ከሮጡ እኛን ምን ያስቸኩለናል?

መለኪያው ቀላል ነው። እየሮጣችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል፣ ቀንሱ። ከባድ ልምምድ በሳምንት 2 ጊዜ ለአብዛኞቻችን ይበቃል። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ። ከወትሮው ጎላ ብሎ ከጨመረ ሰውነታችሁ ገና አላገገመም ይሆናል፤ የዚያን ቀን በእግር መንሸራሸር ይሻላል።

የሥራ ድካምም ድካም ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ስትሠሩ ውላችሁ፣ የታክሲ ሰልፍ ተጨምሮበት፣ ማታ የፍጥነት ልምምድ? ተዉት፣ ለነገ አሳድሩት። ጾም ላይ ያላችሁ ደግሞ ከባዱን ልምምድ ከምግብ ሰዓታችሁ አታርቁት።