ትረካው እጅ እጅ ሲላችሁ

ኪሮሽ እየሠራችሁ የምታዳምጡት ቀለል ያለ የወንጀል ልብ ወለድ መሀል ላይ ከሰለቻችሁ ቶሎ አትዝጉት። እኔ ሰሞኑን የጀመርኩት፣ ዳንቴል ሠሪዋ ሴትዮ ነፍሰ ገዳይ የምታፈላልግበት፣ 3 ሰዓት ሙሉ ስለ ክር ቀለምና ስለ ኬክ ሲያወራ አስከሬኑን ራሱ ረሳሁት! ፍጥነቱን 1.25 አድርጉና በቀጥታ ወደ መጨረሻዎቹ 2 ምዕራፎች ዝለሉ። እንዲህ ያለ ድርሰት ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ መርማሪዋና ገዳዩ ይፋጠጡና ማን፣ እንዴት፣ ለምን የሚለው ከነፍንጩ ይዘረገፋል፤ ስለዚህ ብዙም አያመልጣችሁም። ፍጥነት ስትጨምሩ ደግሞ አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ድምፁን አያቀጥኑትም፣ የተራኪዋ መንቀራፈፍ ብቻ ነው የሚቀንሰው። አዲስ ሞዴል ይዛችሁ ዙር እየቆጠራችሁ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። እኔ ገዳዩ ሲያዝ ቆጠራው ጠፍቶኝ 6 ዙር ተርትሬያለሁ።