ሊኑክስ ሰርቨራችሁን እንዴት ትቆልፋላችሁ (ራሳችሁ ውጭ ሳትቀሩ)

ጅማ መርካቶ አካባቢ አንድ ቡና ነጋዴ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ስር የተወሸቀ አሮጌ ዴስክቶፕ አለ፣ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ጭኜበት የሂሳብ ፋይል ምናምን ይይዛል፣ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስለ ሴኩሪቲ ሳወራ ባለቤቱ ሳቁብኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ውጭ ሀገር ያለ ሰው የኔን የጀንፈል ሂሳብ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። ጋሼ፣ ሂሳቡን አይደለም ማሽኑን ነው የሚፈልጉት አልኳቸው። የሚያንኳኳው ደግሞ ሰው እንኳን አይደለም፣ ቦት (በራሱ የሚሰራ ፕሮግራም) ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ያለውን አድራሻ ሁሉ እየዞረ ፖርት 22 (ኤስኤስኤች፣ ማለትም ሰርቨርን ከርቀት በትእዛዝ የምንሰራበት በር) የተከፈተበትን ይፈልጋል፣ ካገኘ «ሩት» «አድሚን» «ቴስት» እያለ ፓስወርድ ይሞክራል፣ ከገባ ማሽናችሁ ክሪፕቶ ማውጫ ወይ ሌላ ሰው ማጥቂያ ሆኖ ያድራል። ካላመናችሁኝ ቫር ሎግ ውስጥ ያለችውን ኦውዝ ዶት ሎግ (ማን ሊገባ እንደሞከረ የሚጻፍበት መዝገብ) ክፈቱና «ፌይልድ ፓስወርድ» የሚለውን መስመር ቁጠሩ።

እሺ ወደ ስራው። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት ነው የምጽፋቸው፣ ቴርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል ነው የምትጽፏቸው።

መጀመሪያ አፕዴት። «ሱዶ አፕት አፕዴት» ከዛ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» (ሱዶ ማለት ትእዛዙን በዋናው አዛዥ መብት ማስኬድ ነው)፣ ኔት ደህና በሚሆንበት ሰዓት አድርጉት። ግን ከዛ በፊት ቨርዥናችሁን እዩ፣ ኡቡንቱ ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ የሚደገፈው ቨርዥን) መደበኛ የሴኩሪቲ አፕዴት የሚያገኘው 5 ዓመት ነው፣ ስለዚህ 20.04 ላይ ያላችሁ ሰዎች ጊዜው በ2025 (በፈረንጅ) አልቋል፣ 24.04 ግን እስከ 2029 ይሄዳል። ያረጀ ቨርዥን ላይ ፋየርዎል መደርደር በሩ የበሰበሰ ቤት ላይ ቁልፍ መግዛት ነው።

ቀጥሎ የራሳችሁን ዩዘር በ«አድዩዘር» ፍጠሩና ሱዶ ግሩፕ ውስጥ አስገቡት፣ ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችለው ዋና ዩዘር) ሆናችሁ መስራት ይቅር። ይቺ 2 ደቂቃ አትፈጅም።

አሁን ቁልፉ (በፓስወርድ ፋንታ የምንገባበት ፋይል) ጋ ደረስን፣ እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ላፕቶፓችሁ ላይ (ሰርቨሩ ላይ አይደለም) «ኤስኤስኤች ኪይጀን» ብላችሁ ኢዲ25519 የሚባለውን ዓይነት ቁልፍ አውጡ፣ ሁለት ፋይል ይወጣል፣ ፐብሊኩን በ«ኤስኤስኤች ኮፒ አይዲ» ወደ ሰርቨሩ ትልካላችሁ፣ ፕራይቬቱ ከላፕቶፓችሁ አይወጣም፣ በቴሌግራም ለጓደኛ መላክ የሚባል ነገር የለም፣ ያየሁት ስለሆነ ነው የምለው። በቁልፉ መግባታችሁን ካረጋገጣችሁ በኋላ ኤስኤስኤችዲ ኮንፊግ የሚባለውን ፋይል ክፈቱና ሁለት መስመር ቀይሩ፣ «ፐርሚት ሩት ሎጊን» ኖ፣ «ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን» ኖ። ሰው የሚሸወደው ከዚህ በኋላ ነው፣ ኡቡንቱ ላይ ከዋናው ፋይል ጎን ኤስኤስኤችዲ ኮንፊግ ዶት ዲ የሚባል ፎልደር አለ፣ እዛ ውስጥ ክላውድ ኢኒት የሚባለው (ሰርቨሩን መጀመሪያ ላይ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም) የጣለው ፋይል «ፓስወርድ የስ» ብሎ ከጻፈ የናንተ ኖ ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ መጀመሪያ ያነበበውን ነው የሚይዘው፣ ፎልደሩ ደግሞ ቀድሞ ይነበባል። እኔ ለስንት ጊዜ ዘግቻለሁ ብዬ ተኝቼ ነበር። የሚሰራበትን እውነተኛ ሴቲንግ ለማየት «ሱዶ ኤስኤስኤችዲ» ብላችሁ በትልቁ ቲ ጠይቁት (ሰረዝ ቲ)፣ በትንሿ ቲ ደግሞ የጻፋችሁት ላይ ስህተት ካለ ይነግራችኋል፣ ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት እሷን ሳትጠይቁ እንዳትሄዱ።

ፋየርዎል፣ የትኛው ግንኙነት እንደሚገባ የሚወስነው በረኛ። ኡቡንቱ ላይ ዩኤፍደብልዩ የሚባል አለ፣ ቀላል ነው፣ ግን ቅደም ተከተሉ ነው ጉዱ። በፊት «ሱዶ ዩኤፍደብልዩ አላው ኦፕንኤስኤስኤች»፣ ከዛ ነው «ኢኔብል»። እኔ ገልብጬው አውቃለሁ። አጋሮ ያለ መጋዘን ውስጥ ያለ ሰርቨር ላይ ከጅማ ሆኜ በርቀት እየሰራሁ ኢኔብል አልኩት፣ «ግንኙነትህ ሊቋረጥ ይችላል፣ ልቀጥል?» ብሎ እኮ ጠይቆኛል፣ ዋይ (የስ ለማለት) ብዬ አለፍኩ። የተከፈተችው መስኮት ስላልተቋረጠች ሁሉ ነገር ሰላም መሰለኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ጅማ መብራት ጠፋ፣ ሲመጣ ልግባ ብል በሩ ዝም። ክፍት የነበረውን ግንኙነት ያሳልፋል፣ አዲስ ግን አያስገባም ለካ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ሄጄ፣ ኪቦርድና ስክሪን ተሸክሜ፣ አንድ መስመር ጽፌ ተመለስኩ። ስለዚህ ኤስኤስኤችም ሆነ ፋየርዎል ስትነኩ የገባችሁበትን መስኮት ሳትዘጉ ሌላ አዲስ መስኮት ከፍታችሁ ግቡ፣ አዲሱ ከገባ ብቻ ነው የድሮውን የምትዘጉት።

ቀጥሎ ፌይልቱባን። ሎጉን እያየ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የሳተውን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ለ10 ደቂቃ ያግዳል፣ ሳትነኩት ያለው ሴቲንግ ይሄ ነው፣ እኔ ወደ 1 ሰዓት ከፍ አደርገዋለሁ። ጄይል ዶት ኮንፍ የሚለውን እንዳትነኩ፣ ጄይል ዶት ሎካል የሚል የራሳችሁን ፍጠሩ፣ አለዛ አፕዴት ሲመጣ ከናንተ ጋር ይጣላል። ደግሞ የአንድ ቢሮ ሰዎች በአንድ ራውተር ስለሚወጡ ውጭ ላለ ሰርቨር ሁሉም አንድ አይፒ ናቸው፣ አንዱ መግባት ደጋግሞ ቢስት ሁሉም ይታገዳሉ፣ የቢሮው አይፒ የማይቀየር ከሆነ «ኢግኖር አይፒ» ላይ አስገቡት።

የተከፈተ ፖርት ለማየት «ሱዶ ኤስኤስ» ብላችሁ ሰረዝ «ቱልፕን»፣ የማታውቁት ነገር ካለ ምን እንደሆነ እዩና የማያስፈልግ ከሆነ አጥፉት። ሳምባ ፋይል ለማጋራት ካደረጋችሁ ፖርት 445 ቢሮ ውስጥ ብቻ ይቅር፣ ራውተሩ ላይ ወደ ውጭ እንዳትከፍቱት፣ በጭራሽ።

ባካፕ ማታ ማታ በአርሲንክ (ፋይል ኮፒ የሚያደርግ ፕሮግራም) ወደ ውጪኛ ሃርድዲስክ፣ ዲስኩ ግን ከጨረሰ በኋላ ይነቀል፣ ተሰክቶ ከዋለ ማሽኑን የያዘው ሰው እሱንም ይዞታል። በወር አንዴ አንድ ፋይል ከባካፑ መልሳችሁ ክፈቱ።

የመጨረሻው ሰዓት ነው። ሰርቨር ብዙ ጊዜ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ ሰዓት) ላይ ነው የሚመጣው፣ ከኛ 3 ሰዓት ወደኋላ፣ «ታይምዴት ሲቲኤል» ብላችሁ አፍሪካ አዲስ አበባ ላይ አድርጉት። ከዛም በኋላ ሎጉ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 03:00 ሲል ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ጠዋት ላይ ገብታችሁ «አክሰፕትድ» የሚለውን ፈልጉ፣ ይሄ የገባ ሰው ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በናንተ ስም የገባ ካለ እና እናንተ ተኝታችሁ ከነበረ፣ ማሽኑን አታጥፉት፣ የኔት ኬብሉን ብቻ ንቀሉና የሚያውቅ ሰው ጋ ደውሉ።